ጥግ ላይ የቆመው ሰው

አዳማ፣ ጥቅምት ፱ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ሻሸመኔ ለሚገኘው ወንድሜ ለመሐመድዘይን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ዘይኔ። እንዴት ነህ? ውሃው ተስማማህ? አባባ ደኅና ናቸው፤ እማዬ ጉልበቷን ትላለች፤ እኔም ከስፌት መኪናዬ ጋር አለሁ። ፉፋ በቅሎዎቹን እየነዳ ትናንት ገባ። ቆዳውን ለአባባ ካራገፈ በኋላ ያንተን ጥቅል፣ እንዳዘዝከው፣ በጓሮ በር ሰጠኝ። "አካም ጅርታ" እንኳን ሳይለኝ "የማን ወረቀት ነው እንዲህ የሚደበቅ?" አለ። የወንድሜ ነው ብለውም አላመነኝም።

ሥዕሉን አየሁት። ሳላመሰግን እንዳልነቅፍ አስቀድሜ አመሰግንሃለሁ፤ አላህ እጅህን ይባርከው። አሁን ልንቀፍህ።

ይህ ሰው ቆንጆ ነው፤ ከልክ በላይ ቆንጆ ነው። ዓይኑ የሚዳቋ፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ ጢሙ አንድ በአንድ የተበጠረ። ቆዳ ልትገዛ ስትሄድ "አደራህን፣ ሰውየውን አይተህ ሳልልኝ" ያልኩህ ለዚህ አይደለም። ለዚህማ ሽማግሌዎች አሉ። ባለፈው ጊዜ "ቁመቱ ዝግባ፣ ጥርሱ ወተት" ብለው ነው ወለንጪቲ የዳሩኝ። ቁመቱም ዝግባ ነበር፣ ጥርሱም ወተት ነበር፤ አልዋሹም። ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ይዤ እንደተመለስኩ ግን አንተም አትጠይቀኝ።

ያኔ ልጃገረድ ነበርኩ። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው ተብሎ፣ ሼሁ ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፋሁ፤ ዝምታዬን ይዘው ሄዱ። አሁን ፈት ነኝ፤ የፈት ዝምታ አይቆጠርም፣ በአፏ መናገር አለባት። አባባ "ረመዳን ሳይገባ ወይ እሺ ወይ እምቢ በይኝ፤ ሁለተኛ አንቺን የሚጎዳ ነገር አላደርግም" ብለውኛል። የሻሸመኔው ነጋዴ አብዱናሲር እኔን እንዳጨ አገር አውቋል። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሳላየው እሺ ብል እንደ ፊተኛው ነው፤ ሳላየው እምቢ ብልም ምናልባት ደግ ሰው አባረርኩ ማለት ነው። ዓይኔ አንተ ነህ።

ስለዚህ እንደገና ሳለው። ሲስቅ አትሳለው፤ ሲስቅ ሁሉም ሰው ደግ ነው። ገዢ ዋጋ አጣጥሎበት ሲሄድ ሳለው። ጆሮውንም ወደ ራሱ አስጠጋለት፤ እንደሳልከው ከሆነ ጆሮው ቀድሞት ነው ሱቅ የሚገባው። ከኋላ ጥግ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ጆንያ የሚያነሳው ሰው ግን ጥሩ ነው።

ሥዕሉን ከአቡጀዲው ጥቅል ሥር ደብቄዋለሁ። አባባ ነፍስ ያለው ነገር ሲሳል እንደማይወዱ ታውቃለህ። በሻይ ሳጥን ላይ በከሰል ፊደል ስታስተምረኝ በጎኑ የእሳቸውን ጢም ስለህ የቀመስከው አለንጋ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

እህትህ ዙለይካ


ሻሸመኔ፣ ጥቅምት ፳፬ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለእታለሜ ለዙለይካ፣ አዳማ፤

ሰላምታዬ እንደ ሻሸመኔ ገበያ የበዛ ይሁን። የአባባንና የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ። ነቀፋሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፣ በሁለተኛው ሳቅኩ፣ በሦስተኛው ጆሮውን አየሁት፤ እውነትሽን ነው።

ፉፋ በቃል የነገረኝን ጥያቄሽን ልመልስ። የለም፣ ስሙን አልጠየቅኩትም። እህቱን ያጨን ሰው "ስምህ ማነው?" የሚል ወንድም የት አይተሻል? የአብዱናሲር ሱቅ የቱ ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ አሳዩኝ፣ ገባሁ፤ ሰውየው ሳጥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ማን እንደሆንኩ ያውቃል፣ እኔም ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሁለታችንም አንናገረውም። በየገበያው ቀን ጨው ልገዛ እገባለሁ። ቤቴ ውስጥ ያለው ጨው አሁን አንድ ግመል ይጭናል።

እዚያው ቁጭ ብዬ መሳል ስለማልችል አይቼ እወጣና ማደሪያዬ ገብቼ በጨርቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ እስላለሁ። እዚያ እስክደርስ ግማሹ ይጠፋብኛል። ለዚህ ነው ያሳመርኩት፤ የጠፋኝን በቆንጆ ሞላሁት።

ይኸው ሁለተኛው። ሲቆጣ አላየሁትም፤ ግን ቅቤ ይዘው ከመጡ አንዲት አሮጊት ጋር ሲከራከር ነው። እንዳልሽው ጆሮውን አስጠግቻለሁ። ጥግ ላይ ያለውን ሰው አትይው፤ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ነው የጨመርኩት። ተሸካሚ መሰለኝ። ምግባር የለውም፤ ስገባ ሰላም አይለኝም፣ ወዲያው ጀርባውን ያዞራል።

ወንድምሽ መሐመድዘይን


አዳማ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለጨው ነጋዴው ወንድሜ፤

ደብዳቤህን እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ እማዬ "ይቺ ልጅ ምን ነካት?" ብላ መጣች። ሥዕሉን መኪናው ሥር ወሸቅኩት፤ ጫፉ ዘይት ነክቶታል፣ ይቅር በለኝ።

ይኸኛው ይሻላል። አሁን ሰው ሆኗል። በግራ እጁ ላይ ግን ስድስት ጣት ቆጠርኩ። ካለው ንገረኝ፤ ከሌለው ትርፉን መልስ። እግር መሳል ስለማትችል ሁልጊዜ ከሳጥን ጀርባ እንደምታስቀምጠውም ገብቶኛል፤ በዚህ አልወቅስህም፤ እኔም ሱሪ መቁረጥ አልወድም።

ፊቱ ጨዋታ የሚወድ ሰው ፊት ነው። አልጠላሁትም። ነገር ግን የሚነግረኝ ነገር የለም፤ ስላንተ ይበልጥ ይነግረኛል። እዚህ መስመር ላይ "እህቴ ብትወደው" ብለህ እርሳሱን ጫን አድርገሃል፤ እዚህ ደግሞ "ባትወደውስ" ብለህ ፈርተሃል። ልብስ የሚሰፋ ሰው የፈራ ስፌት ያውቃል፤ መርፌው ይጠጋጋል።

ጥግ ላይ ያለው ሰው ግን አለ። አትይው አልከኝ፤ ዓይኔ አልታዘዝ አለ። ፊት የለውም፣ ግን ስታየው ይከብዳል፣ በእውነት ወለል ላይ የቆመ ይመስላል። ሳትጠነቀቅ፣ ለማንም ሳታሳምር ነው የሳልከው፤ ስለዚህ እጅህ አልዋሸም። ለመሆኑ በእጁ የያዘው ምንድን ነው? ዱላ ነው?

በአንድ ነገር ብቻ ዋሽተሃል። ትከሻዎቹን እኩል አድርገሃቸዋል፤ የኩታው እጥፋት ግን ወደ ግራ ይወርዳል። ትከሻው እኩል ከሆነ ጨርቅ እንዲያ አይወርድም። ወይ ትከሻው ልክ አይደለም ወይ እጥፋቱ።

በደብዳቤህ ግርጌ ጽፈህ ስለሰረዝከው ነገር፦ የዚያን ሰው፣ የፊተኛውን ባሌን ስም አንብቤዋለሁ። ስለ ወለንጪቲ አትጠይቀኝ ብዬህ ነበር።

ዙለይካ


ሻሸመኔ፣ ኅዳር ፳፭ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለእታለሜ፤

ስለ ሰረዝኩት ነገር ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛ አይለመደኝም።

ጣቱ አምስት ነው። ስድስተኛው የሚዛኑ ገመድ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ከፍቶኛል። አንድ ወር ሙሉ የባልሽን ፊት ስስል ከርሜ ስለ ተሸካሚ ትከሻ ትጠይቂኛለሽ። ይሁን፣ ልመልስ። የያዘው የአሮጊቷን ምርኩዝ ነው። ቅቤያቸውን አስመዝነው፣ ተከራክረው፣ ገንዘባቸውን እስኪቋጥሩ ድረስ ይዞላቸው ቆመ። ማንም አላዘዘውም። አሮጊቷም ሲወጡ አላመሰገኑትም፤ ግድግዳ ላይ ያስደገፉት ያህል ተቀብለውት ሄዱ። ትከሻውን በተመለከተ እጄ የተንቀጠቀጠ መስሎኝ አቃናሁት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሦስተኛውን ሥዕል ያየ ሰው ሰዓሊ ነህ ይለኛል። ባለፈው ሰኞ ሰውየው እንደምስለው አወቀ። ወረቀቱ ከኪሴ ወደቀ፣ አነሳው፣ አየው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ስቆም "እንግዲያው አሳምረህ ሳለኛ!" ብሎ ጥምጥሙን አስተካክሎ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ። ዓይን ለዓይን እየተያየን እስከ ዙሁር ሶላት ቆየን። አፍንጫዬን አስረዘምከው ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠፋኝ። ተሸካሚው ጭራሽ ከሱቁ ወጥቶ በደጅ ቆሞ ነበር፤ በበሩ በኩል ጀርባው ይታያል፣ እሱንም ጨምሬልሻለሁ፣ ደስ እንዲልሽ።

እንግዲህ ይህን አይተሽ ወስኚ። ሰው ወዳድ ነው፣ ተጫዋች ነው። ስለ እሱ አንድ ነገር ሰምቻለሁ፤ ሳላጣራ ግን አልጽፍልሽም።

መሐመድዘይን


አዳማ፣ ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

"ሳላጣራ አልጽፍም" ብሎ መጻፍ ምን ይባላል? ሰባት ቀን ሙሉ አቡጀዲ አጣምሜ ስቆርጥ ሰነበትኩ። ያበላሸሁት ጨርቅ ዕዳ በአንተ ላይ ነው።

ሥዕሉ ግን ግሩም ነው። የምሬን ነው። ያስተማርከኝን ፊደል ያህል እኮራብሃለሁ። ዓይኖቹ ከወረቀቱ ወጥተው ያዩኛል፣ ከንፈሩ አሁን ሊናገር ነው። ደጋግሜ አየሁት። ሦስቱንም ሥዕሎች አልጋው ላይ ደርድሬ፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። 

ዘይኔ፣ ይህ ሰው አብዱናሲር አይደለም።

ማን ነገረሽ ብትለኝ አንተ ነህ የነገርከኝ። እስከ ዙሁር ዓይን ለዓይን ተያየን አልክ። አማችነት ምን እንደሆነ፣ ያጨ ሰው ከልጅቷ ዘመድ አፍሮ እንደሚሸሽ ረሳህ እንዴ? አባባ እማዬን ባጩ ጊዜ አጎታችን፣ የእማዬ ወንድም፣ በመንገድ ሲመጣ አይተው ቁልቋል አጥር ውስጥ ገብተው የለ? እሾሁን አያታችን ሦስት ቀን ሙሉ ከገላቸው ስትለቅም ነው የከረመችው። አባባ እስከ ዛሬ ሲተረክባቸው ያፍራሉ። ልጅቷን ያጨ ሰው የልጅቷን ወንድም ፊት ለፊት አስቀምጦ "አፍንጫዬን አሳጥር" ይላል?

አሁን እስቲ አስብ። አንተ በገባህ ቁጥር ሰላም የማይልህ ማነው? ጀርባውን የሚያዞርብህ ማነው? ፊት ለፊት ስትቀመጥ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የቆመው ማነው? በሦስቱም ሥዕል ውስጥ አንድ እያፈረ ያለ ሰው አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም አንተም ሳንጠረጥር የሌላ ሰው ጢም ስናበጥር ከረምን።

ተሳስቼ እንደሆነ ጻፍልኝ። ሄደህ ጠይቅ፤ እሱን ሳይሆን ያን ባለጥምጥም።

ዙለይካ


ሻሸመኔ፣ ጥር ፫ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለእታለሜ፣ ለዓይናማዋ፤

የምጽፍበት ፊት የለኝም፤ ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ።

አልተሳሳትሽም። ባለጥምጥሙ ጂብሪል ይባላል። ሱቁን ከአብዱናሲር ጋር በእኩል ነው የሚሠሩት። ሁለት ሚስትና ሰባት ልጆች አሉት፤ ሰምቻለሁ ያልኩሽ ነገር እሱ ነበር፤ "አባዬ" እያሉ ሦስት ልጆች ሱቅ ሲገቡ አይቼ ልቤ ደንግጦ ነበር። "አንተ አብዱናሲር አይደለህምን?" ስለው መጀመሪያ አልገባውም። ከገባው በኋላ ሳቁን ማቆም አቅቶት የሚዛኑን ድንጋይ እግሩ ላይ ጣለ፤ አሁን ያነክሳል። እኔ የማውቀው መስሎት ኖሯል። "እሱማ ያው ነው፣ አንተን ባየ ቁጥር የሚደበቅበት እያጣ ሱቁን ለቀቀልኝ እኮ" አለኝ።

ከሁሉ የሚቆረቁረኝን ልንገርሽ። አንድ ገበያ ቀን በር ላይ ጆንያ ይዞ ሲቆም "አንተ ተሸካሚ፣ ከመንገድ ዞር በል" ብዬዋለሁ። ዞር አለልኝ። የገዛ ሱቁ በር ላይ።

ምን ዓይነት ሰው ነው ላልሽው፣ የምነግርሽ ጂብሪል የነገረኝን ነው። ሚስቱ በኅዳር በሽታ ሞታለች፤ ከዚያ ወዲህ አላገባም። ብዙ አይናገርም። ሲናገርም ዋጋ ብቻ ነው። ፊቱን ለማየት ግን አልቻልኩም። ጁምዓ መስጊድ ጠበቅኩት፤ ሰላምታው ሳያልቅ በጎን በር ወጣ። ጂብሪል "ከፈለግክ እጁን ይዤ አስቆምልሃለሁ፣ ቶሎ ብለህ ሳል" ይለኛል። ምን ትያለሽ? ረመዳን ቀርቧል፤ አባባም ጽፈውልኛል፤ "እህትህ ዝም ብላለች፣ የምታውቀው አለ ወይ?" ይላሉ። ምን ብዬ ልመልስ?

ያፈረው ወንድምሽ


አዳማ፣ ጥር ፲፩ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለዘይኔ፤

አትፈር። ሳትሳሳት ብትቀር ኖሮ እሱን አትስለውም ነበር፤ ብታውቀው ኖሮ ጠንቅቀህ አሳምረህ ታበላሸው ነበር።

እጁን አስይዘህ እንዳትስለው። የሰው ፊት በግድ አይወሰድም፤ የእኔን ዝምታ በግድ ወስደው ምን አተረፉ? ለአባባ "ታስባለች" በላቸው፤ እውነት ነው።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ሦስቱንም ሥዕሎች በፉፋ ልኬልሃለሁ። ለጂብሪል ስጠውና ለሰውየው ያሳየው። ስለ ራሱ ጀርባ ምን እንደሚል ስማልኝ። ጂብሪል "አፍንጫዬን አሳጥር" ብሎ አስጠፋህ አይደል? ሽማግሌ ያሳምራል፣ ወንድም ያሳምራል፣ ሰውም ራሱን ያሳምራል። ይኸኛውስ ምን ያስጠፋል? ምን ያስጨምራል? ቃል በቃል ጻፍልኝ። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አታቃና።

እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። አንድ ጀርባ ላይ ብዙ አሳብ ጥዬበታለሁ። ፊቱን አዙሮ እንደ ሌሎቹ ቢሆንብኝ፣ ሁለተኛ የማየው ነገር ሁሉ የሚያታልለኝ ይመስለኛል።

ዙለይካ


ሻሸመኔ፣ ጥር ፳፪ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለእታለሜ፤

ቃል በቃል እጽፋለሁ። ጂብሪል መጋረጃውን ጋርዶ አብዱናሲር ወዳለበት ገባ፤ እኔ ከወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ወረቀቱ ሲገላበጥ ይሰማኛል። ከዚያ አብዱናሲር እንዲህ አለ፦

"ልጁ እጁ ጥሩ ነው። ግን ግራ ትከሻዬን አቃንቶልኛል። ልጅ ሆኜ ከበቅሎ ወድቄ ተሰብሯል፤ ወጌሻ ሳያገኝ ስለገጠመ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ሳያቃና ይሳለው። ሴትዮዋ በኋላ አይታ እንዳታዝን።"

ጂብሪል "ሌላስ? ወፍራም አድርጎሃል፣ ኩታህንም አሮጌ አስመስሎታል" አለው። "ኩታው አሮጌ ነው" አለ። ሌላ የተናገረው የለም።

እታለሜ፣ እንግዲህ አንቺ አዳማ ተቀምጠሽ በጨርቅ እጥፋት ያየሽውን እኔ በሦስት ክንድ ርቀት ቆሜ አየሁትና እጄ ተሳስቷል ብዬ አቃናሁት። ሻሸመኔ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ያየሽው ግን አንቺ ነሽ። አራተኛውን ሥዕል ልኬልሻለሁ። ጀርባ ብቻ ነው። ሳጥን የለውም፣ እግሩንም ሞክሬዋለሁ። ትከሻውን እንዳለው ትቼዋለሁ።

መሐመድዘይን


አዳማ፣ የካቲት ፩ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሐመድዘይን፤

እግሩ የዝሆን ነው፤ ሌላው ሁሉ እውነት ነው።

አባባ ሥዕሉን አገኙት። አቡጀዲ ልቆርጥላቸው ጥቅሉን ሲያነሱ እግራቸው ሥር ወደቀ። አለንጋው የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ። እሳቸው ግን አንስተው፣ ወደ ብርሃኑ ወስደው፣ ዘለግ ላለ ጊዜ አዩት። "ማነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ስለ ጂብሪል፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ትከሻው፣ ሁሉንም። አስጨርሰውኝ "ይህ ሰው ቁልቋል ውስጥ ይገባ ነበር" አሉና ወረቀቱን መልሰው ከጥቅሉ ሥር አስቀመጡልኝ። ስለ መሳሉ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ስነቅፍህ ከረምኩ፣ አንድ መስመር ግን ስዬ አላውቅም። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት እኔ ነኝ የሳልኩት። የጀርባዬን አንገት ማየት ስለማልችል እማዬ በጣቷ እየለካች እየነገረችኝ ነው። ጭንቅላቴ እንደ ዱባ ሆኗል፤ እሱን ንቀፍ። ከአንገቴ ጀምሮ ቀኝ ትከሻዬ ላይ የወረደው ግን ጥላ አይደለም፣ እርሳሱም አልተንሸራተተብኝም። ጠባሳ ነው። ከወለንጪቲ ይዤ የመጣሁት ይኸንን ነው። የፈላ ውሃ ነበር። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፤ ሥዕሉ ይብቃህ። ሻሼን ዝቅ ያደረግኩት ጠባሳው እስከሚያልቅበት ብቻ ነው፤ እማዬም "አግብቶ ከሚጸጸት አይቶ ይተወው" ብላ ፈቅዳልኛለች።

ሽማግሌዎቹ ይህን አልነገሩትም። የእሱን ብቻ ሳይሆን የእኔንም አሳምረዋል። "አንገቷ ብርሌ" ብለውት ይሆናል። እሱ ትከሻውን ሳይደብቀኝ እኔ አንገቴን ልደብቀው አልችልም። ወረቀቱን ስጠው። እምቢ ቢል አልቆጣም፤ አንተም እንዳትቆጣ።

ዙለይካ


ሻሸመኔ፣ የካቲት ፲፩ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለእታለሜ ለዙለይካ፤

አልጠይቅሽም። ጠባሳውን ባየሁ ጊዜ ወለንጪቲ እሄዳለሁ ብዬ ተነስቼ ነበር። ጂብሪል ያን ቀን በቅሎዬን ሠውሮ አስሮብኝ ዋለ፤ ምን እንዳየሁ ሳልነግረው ነው። አሁን በርጃለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ስንኖር ሁለት ዓመት ሙሉ አለማየቴ ነው የሚያቃጥለኝ። ጆሮና አፍንጫ ስለካ ከረምኩ።

ሥዕልሽን ራሴ ሰጠሁት፤ ለጂብሪል አላሳየሁም። አብዱናሲር ከሱቁ ኋላ ጨው ሲደረድር አገኘሁት። እንደ ልማዱ ዞረ። በጎኑ ዘርግቼ "ከእህቴ ነው" አልኩት። ተቀብሎ እንደዞረ ቆመ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ውጭ አንድ ሰው ስለ ቆዳ ከጂብሪል ጋር ጀምሮ ተከራክሮ ጨረሰ። ወረቀቱን እንደ ዕቃ አጥፎ ኪሱ የሚከተው መስሎኝ ነበር፤ አላጠፈውም።

ከዚያ ግድግዳውን እያየ ተናገረኝ። ከተዋወቅን የመጀመሪያው ነው። "አሁንም ያማታል?" አለኝ።

እኔም ጠይቄሽ አላውቅማ። ምን ልበለው?

መሐመድዘይን


አዳማ፣ የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘይኔ፤

በብርድ ጊዜ ይቆጠቁጠኛል በለው። ሌላ ጊዜ አያመኝም። ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ጥያቄውን ሳነብ እንባዬ ጨርቁ ላይ ወረደ፣ ደግነቱ ነጭ ነበር፣ አይታይም።

ትናንት ከዙሁር በኋላ ሼሁ ሁለት ምስክር ይዘው መጡ። አባባ እኔን ከመጋረጃው ወዲህ አስቀምጠው ጠየቁኝ። ድምፄ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። "እሺ" አልኩ። ሼሁ ጆሯቸው ከብዷል፤ "ምን አለች?" አሉ። የልጃገረድ ቢሆን በዝምታ ያልፍ ነበር፤ የእኔ ግን መሰማት አለበት። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ "አብዱናሲርን ለማግባት ፈቅጃለሁ" አልኩ። ከቤታችን ፊት ባለው የአባባ ሱቅ የነበሩት ገዢዎች ሁሉ ሰሙ። ፉፋም በጓሮ በር ሆኖ ሰምቶ "የማን ወረቀት እንደነበረ አሁን ገባኝ" አለ፤ አሁንም አልገባውም።

ሽማግሌዎቹ ከዒድ በኋላ ይመጣሉ። ፊቱን አትሳልልኝ፤ እሱን ራሴ አየዋለሁ። አንተ እግር መሳል ተማር።

ለሠርጉ እጀ ጠባቡን የምሰፋው እኔ ነኝ። ነጩን አቡጀዲ ወስጄ የግራውን ትከሻ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት። ሁለት ጣት ያለው በማን ጣት እንደሆነ አልጻፍክልኝም፤ በራሴ ነው የለካሁት። የእሱ ጣት ወፍራም ከሆነ፣ ሲመጣ ፈትቼ አስተካክለዋለሁ።

እህትህ ዙለይካ